አርባ ካርቶን ሰማያዊ አይብ

«ለእነዚህ ሰዎች መኮሮኒውን አውጡላቸው። ይህን ሰማያዊ አይብ አይበሉትም።»

ድምፁ የመጣው ከመጋረጃው ጀርባ ነበር። ኦዲል ሃያ ሦስት ቁጥር የተጻፈባትን ወረቀት ይዛ በወረፋው መሃል ቆማለች። የበጎ አድራጎት ማኅበሩ መደብር በፈረንሳይ፣ ከክሌርሞን ከተማ ባቡር ጣቢያ በስተኋላ፣ ድሮ የጫማ መጋዘን በነበረ ቤት ውስጥ ነው። ገቢያቸው ያነሰ ሰዎች ሐሙስ ሐሙስ መታወቂያ ካርዳቸውን ይዘው ይመጡና ሱቅ ውስጥ ሦስት ዩሮ የሚሸጠውን ነገር በሠላሳ ሳንቲም ይገዛሉ። የፊተኛውን ክፍል ከዕቃ ቤቱ የሚለየው ስስ አበባማ መጋረጃ ነው፤ የሚደብቀው ዓይንን እንጂ ጆሮን አይደለም። የተናገረው ኃላፊው ሙሴ ፋዮል እንደሆነ ሁሉም ዐውቋል። ሙሴ ፋዮል ክፉ ሰው አይደለም። ከባንክ ሥራው ጡረታ ከወጣ ወዲህ ጎህ ሳይቀድ እየተነሳ ከየመጋዘኑ ምግብ የሚለምን፣ በእርጅናው ካርቶን የሚሸከም ሰው ነው። ግን ሲደክመው ይናገራል፤ የኅዳር ብርድ በገባበት በዚያ ጠዋት ደግሞ ደክሞት ነበር።

«ባለፈው ሳምንት የሰጠናቸውን እኮ ጥግ ካለው የቆሻሻ ገንዳ ውስጥ ነው ያገኘሁት» አለ። «ስድስት ፍሬ! እንደታሸገ! ለእነሱ ሻጋታ ሻጋታ ነው፣ ሌላ ነገር አይደለም። አርባው ካርቶን እንዳለ ይቀመጥ። ነገ ቀኑ ያልፍበታል፤ አሥር ሰዓት ላይ የአሳማ አርቢው መኪና መጥቶ ይውሰደው።»

«እውነትዎን ነው» አለ ሌላ ድምፅ። «አያውቁበትም።»

የኦዲል ጆሮ ጋለ። ይህን ድምፅ በጨለማም፣ በገበያ ጫጫታ መሃልም ትለየዋለች። የታላቅ እህቷ የማሪዝ ድምፅ ነው።

ማሪዝ ሐሙስ ሐሙስ በነጻ ከሚያገለግሉት ሴቶች አንዷ ናት፤ የማኅበሩ ገንዘብ ያዥም ናት። ኦዲል ከስምንት ወር በፊት ለመጀመሪያ ጊዜ ካርድ ይዛ ስትመጣ ባንኮኒው ኋላ የተቀመጠችው እሷ ነበረች። ያን ዕለት ማሪዝ ካርዱን አየችው፣ ስሙን አነበበችው፣ ማኅተሟን መታችና ዓይኗን ሳታነሳ «ቀጣይ» አለች። ከዚያ ወዲህ ሐሙስ ሐሙስ ባዳ ናቸው። በልደትና በፋሲካ በማሪዝ ቤት ይገናኛሉ፤ ስለ ልጆች ያወራሉ፣ ስለ ትራም ዋጋ መጨመር ያወራሉ፣ ሰላጣ ይቀባበላሉ። ስለ ሐሙስ ግን አንድም ቀን ቃል ወጥቷቸው አያውቅም። የማሪዝ ባል ይወቅ አይወቅ እንኳ ኦዲል አታውቅም። ይህን ሁሉ ችላ ነበር። «አያውቁበትም» የሚለውን ግን መዋጥ አቃታት። እናታቸው አራት ልጆች ያሳደገችው በዚሁ፣ ሰማያዊ ሻጋታ ሆን ተብሎ በሚበቅልበት የአገሩ አይብ ነው። ሥጋ ሩቅ በነበረበት በዚያ ቤት ሰኞ ሾርባው ውስጥ፣ ረቡዕ ድንቹ ላይ፣ ዓርብ ደግሞ በደረቀ ዳቦ ላይ ቀልጦ ይቀርብ ነበር። የድስቱን ቂጥ በጣቷ የምትጠርግ ማን ነበረች? ማሪዝ።

«ሃያ ሁለት!» ተባለ። ቀጣይዋ ኦዲል ነበረች። እሷ ግን ከወረፋው ወጥታ መጋረጃውን ገለጠች።

«ሙሴ ፋዮል፣ ያን አይብ ለአሳማ ከሚሰጡት ለእኔ ይስጡኝ።»

ሰውየው መነጽሩን ከፍ አድርጎ አያት። ማሪዝ እጇ ውስጥ የነበረውን የመኮሮኒ ፓኬት እንደያዘች ቀረች። «ለአንድ ቤተሰብ ሦስት ፍሬ ነው የሚፈቀደው፣ እመቤቴ። እርስዎ ከፈለጉ ሦስት ይውሰዱ» አለ ሙሴ ፋዮል።

«ለእኔ አላልኩም። እዚያ ጓዳ ያለውን ምድጃ ይክፈቱልኝ። እዚሁ አበስለዋለሁ። ቀምሰው ያልወደዱት እንደሆነ ያን ጊዜ ለአሳማው ይስጡት።»

«ማን ነው የሚያበስለው?»

«እኔ። አሥራ ዘጠኝ ዓመት በጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ የሠራተኞች ክበብ ውስጥ አብስያለሁ። በቀን ለሦስት መቶ ሰው።»

ሙሴ ፋዮል የሚለው ሲጠፋው እንደ ልማዱ ወደ ማሪዝ ዞረ። ማሪዝ ወለሉን አየች። ከወረፋው ውስጥ አንዱ «ይሞክሩ እንጂ፣ ምን ይጎድልብዎታል?» ብሎ ጮኸ፤ ሌላዋ ደግሞ «ሽታው እንደሆነ ያው እኛው ላይ ነው!» ብላ ሰው አሳቀች። ሙሴ ፋዮል ከኪሱ ቁልፍ አውጥቶ ሰጣት። «ለዘይትም ለቅቤም የማወጣው ገንዘብ የለኝም» አለ። «ዕቃ ቤት ባለው ይሥሩ። መኪናው ደግሞ አሥር ሰዓት ይመጣል።»

ጓዳው ለአንድ ዓመት ያህል ሰው አልገባበትም። ድሮ አንዲት ወጣት መምህር ስለ ምግብ ልታስተምር ትመጣበት ነበር። አንድ ሳህን ምግብ ስንት ስኳርና ስንት ቅባት እንዳለው በግድግዳ ላይ ሥዕል እያሳየች፣ ሰዎቹም እጃቸውን አጣጥፈው እየሰሟት ጥቂት ሐሙሶች አለፉ፤ ከዚያ እሷም ቀረች፣ እነሱም ቀሩ። አሁን ሥዕሉ ጠርዙ ተጣጥፎ ተንጠልጥሏል። ባለ ሁለት ዓይን የጋዝ ምድጃ አለ፤ አንደኛው ዓይን ደህና ይነድዳል፣ ሁለተኛው ይርገበገባል። አንድ ትልቅ ድስት፣ ሁለት መጥበሻ፣ እጀታው የተቃጠለ የእንጨት ማንኪያ፣ ጫፉ የዶለዶመ ቢላዋ። ኦዲል ካፖርቷን ሚስማር ላይ ሰቀለች። ዕቃ ቤቱን ዞራ አየችና ማብቀል የጀመረ አንድ ጆንያ ድንች፣ ጠውልጎ የተጋደመ ባሮ ሽንኩርት፣ ትናንትና የተጋገረ ዳቦ፣ ጥቂት ካርቶን ወተትና ቁንዶ በርበሬ አገኘች። ጨው አልፈለገችም። ጨዉን አይቡ ይዞት ይመጣል።

የመጀመሪያውን ካርቶን ስትከፍተው ያ ሽታ ወጣ። የጓዳ፣ የእርጥብ ድንጋይ፣ የመኸር ቅጠል ሽታ። ነጩ ላይ ሰማያዊው እንደ አሮጊት እጅ ደም ሥር ተጋድሞበታል። ቢላዋው እንዳይጣበቅ ሙቅ ውሃ እየነከረች ቆራረጠችው፤ ድንቹን ከነልጣጩ ጣደችው። ወተቱን በሌላኛው ዓይን ላይ በአንደኛው መጥበሻ አፈላች። እዚህ ላይ ተሳሳተች። ሥራዋን ካጣች ወዲህ ሁለት ዓመት ሙሉ ለራሷ ብቻ ያበሰለች ሴት፣ በሩ ላይ አጮልቆ የሚያያት ሰው ሲበዛ እጇ ተቻኮለ፤ እሳቱን ሳታጠፋ አይቡን ከሚንተከተከው ወተት ውስጥ ገለበጠችው። ዐይኗ እያየ ወተቱ ተበጣጠሰ። ላይ ላዩ ቢጫ ዘይት ሰፈፈ፣ ታች ነጭ ፍርፋሪ ዘቀጠ።

«ይሄ ደግሞ ምንድነው፣ የካልሲ ሾርባ?» አለች ኖኤሚ። ኖኤሚ ሁለት ሕፃናት በጋሪ እየገፋች የምትመጣ፣ ምላሷ የማያርፍ ወጣት እናት ናት። በሩ ላይ ያሉት ሁሉ ሳቁ። ከእነሱ ኋላ ሙሴ ፋዮል ቆሞ ነበር፤ አልሳቀም፣ ግን ሰዓቱን አየ።

ኦዲል ወደ ምድጃው ዞረች። እሳቱን አጠፋች። ሁለት የበሰለ ድንች ከድስቱ አወጣች፣ ጣቷ እየተቃጠለ ልጣጩን ገፈፈች፣ በሌላኛው መጥበሻ ላይ በሹካ አደቀቀችው፤ አደቀቀችው፤ እንደ ሊጥ እስኪሆን። ከዚያ የተበላሸውን ወተት በጭልፋ ጥቂት ጥቂት እየጨመረችበት በእንጨት ማንኪያ መታችው። ክንዷ ዛለ፤ አላቆመችም። ዘይቱ መጀመሪያ ዳር ዳር ሸሸ፣ ቀጥሎ ተሸነፈ፣ ቀስ በቀስ ወደ ውስጥ ገባ። አምስት ደቂቃ ሳይሞላ መጥበሻው ውስጥ ያለው ነገር ልስልስ ብሎ፣ እንደ ሐር እየተጎተተ ከማንኪያው ወረደ። ቀመሰችው። ዓይኗን ጨፈነች። ደረቷ ውስጥ ለሁለት ዓመት ታጥፎ የኖረ አንድ ነገር ሲዘረጋ ተሰማት።

«ማን ይቀምሳል?»

ማንም ወደፊት አልወጣም። በመጨረሻ ሽማግሌው ጋስፓር ሰው እየገፋ ገባ። ጋስፓር ግንበኛ የነበረ፣ ጣቶቹ እንደ ሥር የተጣመሙ ሰው ነው። «ለእኔ ስጪኝ» አለ። «ሰባ ስምንት ዓመቴ ነው። ሻጋታ የሚፈራው ያልሻገተ ሰው ነው።» የተሰነጠቀ ድንች ላይ አንድ ጭልፋ ጨመረችለት፤ ቁንዶ በርበሬ ነሰነሰችበት። ጋስፓር ቆሞ በላ። ሳህኑን በዳቦ ጠረገው፣ ዳቦውን በላው፣ ሳህኑን መልሶ ዘረጋላት።

«እ? እንዴት ነው?» አለች ኖኤሚ።

«ገና አልገባኝም» አለ ጋስፓር። «ትድገመኝና ልመርምረው።»

ከዚያ በኋላ ጓዳው ጠበበ። ሰው ሳህን ያዘ፤ ሳህን ሲያልቅ የወረቀት ኩባያ ያዘ። ኦዲል ባሮ ሽንኩርቱን ከትፋ ሾርባ ጣደች፣ አይቡንም ከእሳት ካወረደችው በኋላ ፈረፈረችበት። የደረቀውን ዳቦ መጥበሻ ላይ አስቀምጣ አይብ አቀለጠችበት። ከሥራው ይልቅ ያስገረማት ግን ጋስፓር ሁለተኛውን ሳህን ሲጨርስ ድምፁን ዝቅ አድርጎ የነገራት ነው።

«ገንዳው ውስጥ ከተገኙት ስድስቱ፣ ሁለቱ የእኔ ናቸው» አላት። «አፈርኩ። ግን ምን ላድርገው? ከባለቤቴ ሞት በኋላ የተከራየኋት ክፍል ምድጃ የላትም። ያለችኝ አንዲት ማይክሮዌቭ ናት።»

ኦዲል ጭልፋዋን አስቀመጠች። «ድንች በሹካ ወጋ ወጋ ያድርጉት። ስምንት ደቂቃ ያስገቡት። ሲወጣ ሰንጥቀው አይቡን ከመሃሉ ይክተቱ፣ በሳህን ይክደኑት። በገዛ ትኩሳቱ ይቀልጣል። ሌላ ምንም አይፈልግም።»

«ይኸው ነው?»

«ይኸው ነው።»

ያን ጊዜ ነገሩ ገባት። ሰዎቹ አይቡን ያልበሉት ስለማያውቁት ብቻ አልነበረም። አንዱ ምድጃ የለውም፣ አንዷ ያላት አንድ ድስት ነው፣ አንዱ የሚተኛው ከሦስት ሰው ጋር በአንድ ክፍል ስለሆነ ሽታ ይፈራል። ይህን የጠየቃቸው የለም። ከዚያ ወዲያ ለሚመጣው ሁሉ ጭልፋ ከመስጠቷ በፊት «ቤት ምን አለዎት?» እያለች ጠየቀች። አንድ ድስት ብቻ ላላት፦ መኮሮኒውን ቀቅለሽ ውሃውን ስታጠልዪ አንድ ሲኒ አስቀሪ፣ እሳቱን አጥፊ፣ አይቡን በዚያች ውሃ ፍቺው። ሽታ ለሚፈራው፦ አታሙቀው፣ በቀዝቃዛ ጥቅል ጎመን ከዘይትና ከሆምጣጤ ጋር ፈርፍረው። ኖኤሚም እየተሽኮረመመች መጣች።

«ልጆቼ ሽታውን ካሸተቱ ቤቱን ጥለው ነው የሚሄዱት።»

«የአውራ ጣትሽን ጥፍር ታህል ብቻ ድንች ውስጥ አድቅቂው፣ ወተት ጨምሪበት። በሚቀጥለው ሳምንት ሁለት ጥፍር። ስሙን አትንገሪያቸው።»

«እኔስ ስንት ጥፍር?»

«አንቺማ የካልሲ ሾርባ ያልሽው ሰው ነሽ፤ አንድ ሙሉ ትቀጫለሽ» አለቻትና ሳህኑን ሞላችላት። ኖኤሚ አፏ ሞልቶ ለመጀመሪያ ጊዜ ዝም አለች።

ሰባት ሰዓት ገደማ ላይ ማሪዝ ጓዳው በር ላይ ቆመች። ገባች፣ የዶለዶመውን ቢላዋ አነሳች፣ ድንች መላጥ ጀመረች። ኦዲል አላየቻትም፤ ማለትም እያየቻት አላየቻትም። እንዲህ ጎን ለጎን የቆሙት መቼ ነበር? እናታቸው በተቀበረች ማግስት፣ ሳህን ሲያጥቡ። ልጣጩ ውሃ ውስጥ ጠብ ጠብ ይላል፣ ድስቱ ይንተከተካል፣ ከውጭ የሰው ሳቅ ይሰማል። ብዙ ድንች ተላጠ።

«ባሮውን አቅጥነሽ ክተፊው» አለች ማሪዝ በመጨረሻ። «እማማ እንዲያ ነበር የምታደርገው።»

«እማማን ታስታውሻታለሽ እንዴ?» አለች ኦዲል። «እኔ እኮ እኛ የማናውቅበት መስሎኝ ነበር።»

የማሪዝ ቢላዋ ቆመ። «ሰማሽኝ።»

«መጋረጃ ነው፣ ማሪዝ። ግንብ አይደለም።»

«የመጀመሪያ ቀን ስትመጪ ስምሽን ብጠራ ሰው ፊት የምታፍሪ መሰለኝ። ዝም ያልኩት ለአንቺ ብዬ ነው።»

«ለእኔ ብለሽ?» ኦዲል አሁን ዞረች። ጭልፋው ከእጇ አልወጣም። «ስምንት ወር ቀጣይ፣ ቀጣይ ስትዪኝ ለእኔ ብለሽ ነው? እኔ ሥራ አጣሁ እንጂ ሰው አልገደልኩም። ያፈርሽው አንቺ ነሽ።»

ማሪዝ አንገቷን ደፋች። ዓይኗ ሞላ፤ ኦዲል ግን አላባበለቻትም። ዞራ ድስቷን አማሰለች። ከጥቂት ጊዜ በኋላ የቢላዋው ድምፅ እንደገና ተሰማ። ባሮ ሽንኩርቱ በጣም ቀጭን ሆኖ እየተከተፈ ነበር።

ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ ወረፋው አቅጣጫውን ቀየረ። መኮሮኒ የወሰዱ ሰዎች ተመልሰው «ከዚያኛው የለም ወይ?» ይሉ ጀመር። ጠዋት የሄዱ ጎረቤቶቻቸውን ይዘው መጡ። ሙሴ ፋዮል ራሱ ካርቶን እየተሸከመ ያወጣ፣ «ሦስት ሦስት ብቻ፣ እባካችሁ፣ ሦስት ሦስት ብቻ!» እያለ ይጮህ ነበር፤ ጋስፓርም አጠገቡ ቆሞ ለአዲስ መጪው ሁሉ የማይክሮዌቭን ነገር እንደ ሊቅ ያስተምራል። አሥር ሰዓት ላይ መኪናው መጣ። ሾፌሩ ጓንቱን እያጠለቀ ገባና «አርባ ካርቶን ብላችሁኛል፤ የት አለ?» አለ።

ባንኮኒው ላይ ባዶ ካርቶኖች እስከ ጣሪያ ተደራርበዋል። ኦዲል አንድ ሳህን ሞልታ አቀበለችው። «አሳማዎችህን ይቅርታ ጠይቅልን» አለችው። ቤቱ በሳቅ ፈነዳ። ሾፌሩ ግራ ተጋብቶ ቀመሰ፤ ከዚያ ጓንቱን አውልቆ ተቀመጠ።

ሙሴ ፋዮል ለራሱም ከድስቱ ቂጥ ጠርጎ በላ፤ ቆሞ፣ መነጽሩ በእንፋሎት ተሸፍኖ። ሲጨርስ መነጽሩን ወለወለ። ከዚያ ሰው ሁሉ በሚሰማው ድምፅ «ተሳስቼ ነበር» አለ። «ጠዋት የተናገርኩትን የሰማችሁ ይቅርታ አድርጉልኝ።» ወደ ኦዲል ዞረ። «እመቤቴ፣ ሐሙስ ሐሙስ እንዲህ ቢያደርጉልን? በነጻ አገልጋይነት እንመዘግብዎታለን።»

ከጠዋት ጀምሮ ቆማ የዋለችው ኦዲል ቀና አለች። እግሯ ያቃጥላታል፣ ፀጉሯ አይብ አይብ ይሸታል፤ እንደዚያች ቅጽበት ግን ረዝማ አታውቅም። «በነጻ አይሆንም፣ ሙሴ ፋዮል። ምግብ ማብሰል ሙያዬ ነው። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ደመወዝ የተከፈለኝ ስለሚገባኝ ነው።»

ሰውየው ምን ላድርግ በሚል ሁለት እጁን ዘረጋ። «እውነት ነው፣ ግን እኮ በጀቱ...»

«በጀቱ አለ» የሚል ድምፅ ከጓዳው መጣ። ማሪዝ ሽርጧን እንዳደረገች፣ እጇ እንደረጠበ በሰው መሃል አለፈች። ፊቷ በርበሬ መስሏል። «ለምግብ ትምህርት የተመደበው ገንዘብ መምህርቷ ከሄደች ጀምሮ አልተነካም። መዝገቡ እኔ ዘንድ ነው። በሳምንት አንድ ቀን ለአንድ ባለሙያ ይበቃል።» ቆመች፤ ትንፋሿን ሰበሰበች፤ ሰውን ሁሉ አየች። «ደግሞም እንድታውቁት፦ ይህች ሴት እህቴ ናት። ኦዲል ትባላለች። የእናቴ ልጅ ናት። ስምንት ወር ሙሉ ያላወቅኋት መስዬ እዚህ ተቀምጫለሁ፤ አሁን ያፈርኩት በዚህ ነው።»

ቀድማ የተናገረችው ኖኤሚ ናት። «ታዲያ አንቺ ማብሰል ያልተማርሽው ለምንድነው?» አለቻት፤ ሰው ሁሉ ሳቀ፤ ማሪዝም እንባዋን በእጅጌዋ እየጠረገች ሳቀች። ኦዲል አላቀፈቻትም፤ ገና ነው። ግን ከሚስማሩ ላይ ፎጣ አውርዳ አቀበለቻት። ሙሴ ፋዮል በበኩሉ ቀጣዩን ሐሙስ መዝገብ ላይ ጽፎ ስሟን ከነአባቷ ስም ጠየቃት፤ ከፊደሉ አንዷን ስቶ ስታርመው ሰረዘና እንደገና ጻፈ። ከዚያ የሚታጠበውን የዕቃ ክምር አየ። ኦዲል ካፖርቷን እየለበሰች ነበር።

«በሙያችን ሕግ፣ ያበሰለ አያጥብም» አለችው። ሙሴ ፋዮል ተነፈሰ፤ እጅጌውንም ሰበሰበ።

ውጭው ቀዝቅዟል። ከተራራው የወረደ ጉም የመንገዱን መብራቶች ከብቧቸዋል። እህትማማቾቹ እስከ ትራም ፌርማታው ድረስ አብረው ሄዱ። ሁለቱም ልብሳቸው ይሸታል፤ አንድ ውሻ ተከትሏቸው የኦዲልን ካፖርት እያሸተተ ጥቂት ተጓዘ። ትራሙ ብርሃኑን እየገፋ ሲመጣ ማሪዝ ክንዷን ያዘቻት።

«እሑድ ለምሳ ቤቴ ነይ። ለባሌ ሁሉንም እነግረዋለሁ።»

«አይ» አለች ኦዲል። «ሁልጊዜ እኔ ነኝ የምመጣው። አሁን እናንተ ወደ እኔ ትመጣላችሁ።»

«እሺ። ምን ይዤ ልምጣ?»

የትራሙ በር ተከፈተ። ኦዲል ደረጃው ላይ ወጥታ ዞረች፤ በዚያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ፊቷ ሙሉ ለሙሉ ፈገግ አለ።

«ምንም አታምጪ» አለቻት። «ርቦሽ ነይ።»